የተሳካ ሥራ ሌላ ሥራ ይወልዳል

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የእድራችን አባላት፤ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

 ባለፈው ዓመት ከመካከላችን በሞት የተለዩንን ቆመን አስበናቸዋል፤ ለቤተ ሰቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። የገቢና የወጪውን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን፣ የንብረቱን ዝርዝር ደግሞ ንብረት ጠባቂያችን ስለሚያቀርቡላችሁ እኛ በእርሱ ላይ አንደግምም። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ሌላ ነው።

እንደምታውቁት ሁሉ የእድራችን ገንዘብ በባንክ እየተጠራቀመ ነው። ድንኳኑ አዲስ ነው፤ ወንበሩም ለለቀስተኛው ይበቃል፤ ብረት ድስትና ሳህን ከየቤቱ መለመን ቀርቷል። በዚህም ምክንያት ባለፉት ወራት በየቡናው ላይና በየለቅሶው ድንኳን ሁለት ሐሳቦች ሲነሡ ሰምተናል። አንደኛው «ገንዘቡ ከበቃን መዋጮው ለጥቂት ጊዜ ይቁምልን» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሰውም እንደ ዱሮው አይሞትም፤ የተጠራቀመውን ብንካፈለውስ?» የሚል ነው። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ይኼንን መጠየቅ ነውር አይደለም። ገንዘቡ የአባላቱ ነው፤ የሚወስነውም ይህ ጉባኤ ነው። ሆኖም እጃችንን ለድምፅ ከማንሣታችን በፊት አንድ ነገር በጋራ ብናስብበት ይበጃል።

«ሰው እንደ ዱሮው አይሞትም» የሚለው አነጋገር እውነት ነው። ዳሩ ግን ሞቱ በራሱ ጊዜ አልቀነሰም፤ ብዙ ሰው ደክሞበት ነው የቀነሰ። አንዱ ሥራ በተሳካ ቁጥር ደግሞ በፊት ያልነበረ ሌላ ሥራ ከኋላው መጥቷል። ይህንን ለማስረዳት ከሩቅ አንሄድም፤ ሸምገል ያልነው ሁሉ በዐይናችን ካየነው እንጀምር።

ሀ/ የፈንጣጣ ነገር

በመካከላችን ያሉ አዛውንት ፈንጣጣን ያስታውሱታል። ፊቱ የተጠባበሰ ሰው በየሰፈሩ ይታይ ነበር። አገር አቀፉ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በአገራችን ከ26 ሺህ በላይ የፈንጣጣ በሽተኞች ተመዝግበዋል። ክትባቱን የያዙት ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር እየሆኑ መንገድ ያልገባበትን ደጋና ቆላ አዳርሰዋል። ሁለት ጫፍ ባላት ትንሽ መርፌ ክንድን ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነበር ሥራው። ዛሬም ክንዳችን ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው።

አሠራሩም የሚያስደንቅ ነበር። ያገሩን ሰው በሙሉ ለመከተብ ከመሞከር ይልቅ በሽተኛ ያለበትን ቤት ፈልጎ ማግኘት፣ ከዚያም በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ከትቦ በሽታውን መክበብ ነው የተያዘው። ሠራተኞቹ በፈንጣጣ የታመመ ሕፃን ሥዕል ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይታችኋል ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። በሽተኛው ብዙ በነበረ ጊዜ እርሱን ማግኘት ቀላል ነበር፤ በደረሱበት መንደር ሁሉ ነበረና። በሽታው እየተሳካ ሲቀንስ ግን ሥራው ቀለለ ወይ? አልቀለለም፤ ባሰበት። የቀሩት ጥቂት በሽተኞች ያሉት ራቅ ባለ ቦታ፣ ውሃና ሣር ተከትለው ከሚዘዋወሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ ነበር። በአገራችን የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ደግሞ ብዙ የማይገድለው ስለ ነበር «ይኼ ምን ያስቸግራል፣ ይለፍ» የሚል ሰው አይጠፋም። የመጨረሻዋ በሽተኛ የተገኘችው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በምትባል መንደር ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ «ጨረስን» ተብሎ እጅ ቢታጠብ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በሽታው ጎረቤታችን ሶማሊያ ውስጥ ነበር። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም የታየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1977፣ ማለትም በጥቅምት 1970 ዓ.ም.፣ መርካ በምትባለው የሶማሊያ ከተማ ነበር። ሰውየው አሊ ማው ማሊን ይባላል፤ በሆስፒታል ወጥ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ሁለት የታመሙ ልጆችን የጫነ መኪና መንገድ ጠፍቶት ቢመጣ ተሳፍሮ መንገድ አሳየ፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ያዘው። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ መርፌውን ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር።

ከእርሱ በኋላም ቢሆን ዓለም ወዲያው እልል አላለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየመንደሩ ሲፈለግ ቆይቶ ነው ዓለም አቀፍ አጣሪዎች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1979 መጥፋቱን ያረጋገጡት። የዓለም የጤና ጉባኤም ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. በይፋ አወጀው።

አሊ ማው ማሊንም ድኖ ቤቱ አልተቀመጠም። ከዓመታት በኋላ በአገሩ የልጅነት ልምሻን፣ ማለት ፖሊዮን፣ ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ገባ። «እኔ ፈርቼ ሳልከተብ ቀርቼ ነው የታመምኩት፤ እናንተ እንዲህ አታድርጉ» እያለ እናቶችን ያግባባ ነበር። ፖሊዮ ከሶማሊያ ጠፋ ከተባለ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ተመልሶ ሲመጣ እርሱም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በዚያው ዘመቻ ላይ ሳለ ወባ ይዞት በሐምሌ ወር ዐረፈ። እኛ ከዚህ ሰው የምንማረው ይኼንን ነው፤ አንዱ በሽታ ሲጠፋ ሌላውን ለመከላከል ተነሣ እንጂ «የእኔ አልፏል» አላለም።

ለ/ የእኛ የእድሮች ፈተና

ወደ ቤታችን እንምጣ። ፈንጣጣ በታወጀበት በ1972 ዓ.ም. በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ተጀመረ። ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሳንባ ነቀርሳና የልጅነት ልምሻ ተራ በተራ ይከላከሉ ጀመር። በኋላም በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ ሠራተኞቹ በየቀበሌው ወጡ። ውጤቱን በቁጥር ለማየት ያህል፣ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ግን ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ዛሬም ብዙ ነው፤ ነገር ግን ትንሿን ሳጥን በክንድ ይዞ ወደ መካነ መቃብር መሄድ ስንቴ እንደ ነበረ የምታስታውሱ እናቶች ልዩነቱን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ልጆቹ አድገው ለወግ ለማዕረግ በቁ ስንል ደግሞ ሌላው መጣ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ዘመን ማናችንም አንረሳውም። የሚሞተው ሽማግሌ አልነበረም፤ ሠርቶ አዳሪው፣ ቤት ያቆመው፣ መዋጮ ከፋዩ ጎልማሳ ነበር። ጡሩንባ ነፊው በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ የሚነፋበት ጊዜ ነበር። ድንኳን ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሳያድር ሌላ ግቢ ይተከላል። በሽታው በስሙ አይጠራም፤ «ሳንባ ነው»፣ «ብርድ ነው» ይባላል። በከተማችን ብዙ እድሮች ካዝናቸው ባዶ ሊሆን ደርሶ ነበር። አንዱ አባል ሲሞት መዋጮው ይቋረጣል፤ ወጪው ግን ይጨምራል። ወላጅ ያጡት ልጆች ደግሞ ደጃችን ላይ ቀሩ።

ያን ጊዜ ብዙ እድሮች የወሰዱት እርምጃ ሊመሰገን ይገባዋል። «እድር ለቀብር ነው» የሚለውን የቆየ ደንባቸውን አሻሽለው በሕይወት ያለውን በሽተኛ መርዳት ጀመሩ፤ ወላጅ ላጣ ልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ ገዙ፤ አልጋ ላይ የዋለውን በተራ አስታመሙ። «ሲሞት ብዙ ብር አውጥተን ከምንቀብረው፣ ቆሞ ሳለ በጥቂቱ ብንደግፈውስ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ዘመን የወጣ ነው።

በጥር ወር 1997 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሕሙማን በነፃ መሰጠት ጀመረ። በአዲስ አበባ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የቀብር መዝገብ እየተያዘ ጥናት ይደረግ ነበር፤ መድኃኒቱ ከተስፋፋ በኋላ በኤድስ የሚሞተው ጎልማሳ ቁጥር በግልጽ መቀነሱ ከዚያው መዝገብ ላይ ታይቷል። እንግዲህ ክቡራን አባላት፣ ዛሬ በባንክ ያለን ገንዘብ ከየት እንደ መጣ አንዱ መልስ ይኼ ነው። መዋጮውን ይዘው ይቀበሩ የነበሩት ጎልማሶች በሕይወት ስለ ቆዩ ነው።

ነገር ግን መድኃኒቱ እንደ ወባ ክኒን ተውጦ የሚያበቃ አይደለም። ዕድሜ ልክ በየቀኑ ይወሰዳል። ሰውየው ሲወፍርና ሥራ ሲገባ «ድኛለሁ» ብሎ ከተወው ቫይረሱ ይመለስበታል፤ መድኃኒቱን የሚለምድበት ጊዜም አለ። ሕመምተኛው በጣም ደክሞ ሳለ ሁሉም ይጠይቀው ነበር፤ ሲሻለው ግን ጠያቂ የለውም። የሚያበረታታው የሚያስፈልገው ደግሞ ያን ጊዜ ነው።

ሐ/ ዛሬ በደጃችን ያለው

በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ይኖር የነበረው ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት አልፏል። ይኼ ትልቅ ድል ነው። ዕድሜ ሲረዝም ግን ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ሕመም አለ። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊትና የካንሰር ሕመም በየቤታችን ገብተዋል። እነዚህ ደግሞ እንደ ፈንጣጣ ፊት ላይ የሚታዩ አይደሉም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ምንም ሳያመው ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አንድ ቀን ጎኑ ሲዝል ወይም አፉ ሲጣመም ነው የሚታወቀው።

የግፊት መድኃኒት ያለውም ጠባይ ከላይ ከነገርናችሁ ጋር አንድ ነው። ኪኒኑ ግፊቱን ያወርደዋል። የወረደው ኪኒኑ ስለ ተወሰደ ነው። ሰውየው ግን «ተለካሁ፣ ደኅና ነው አሉኝ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ይተወዋል። ግፊቱም ተመልሶ ይወጣል። ስንቱን አባወራ በዚህ ምክንያት በስትሮክ ጎኑ ተይዞ አይተነዋል! ሥራው ስለ ተሳካ ሥራውን መተው ማለት ይኼ ነው። «ገንዘቡ በቅቶናልና መዋጮው ይቁም» የምንለውም ከዚህ የተለየ አይመስለንም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። የእኛን ሒሳብ ገንዘብ ያዡ ያቀርበዋል፤ እኛ ለምሳሌ ያህል አንድ ሌላ እድር እናስብ። 240 አባላት አሉት። እያንዳንዱ በወር 100 ብር ቢያዋጣ በወር 24,000፣ በዓመት 288,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ሐዘን 20,000 ብር ቢከፍልና በዓመት 6 ሐዘን ቢያጋጥመው የሚያወጣው 120,000 ነው፤ 168,000 ብር ይተርፈዋል። በዐሥር ዓመት 1,680,000 ብር ተጠራቀመ ማለት ነው። ሀብታም እድር ነው ይባላል።

ዳሩ ግን የአንድ ሰፈር እድር አባላት አብዛኛውን ጊዜ ባንድ ዘመን የገቡ፣ በዕድሜም የተቀራረቡ ናቸው። አብረው ጎልምሰዋል፤ አብረውም ያረጃሉ። ስለዚህ ሐዘኑ ለዓመታት ጥቂት ሆኖ ቆይቶ ኋላ ተከታትሎ ይመጣል። ከዐሥር ዓመቱ በኋላ ሐዘኑ በዓመት 15 ቢደርስና በዋጋው መወደድ ምክንያት ለአንዱ የሚከፈለው 40,000 ብር ቢሆን፣ ወጪው በዓመት 600,000 ብር ነው። ገቢው ያው 288,000 ከሆነ በያመቱ 312,000 ብር ይጎድላል። በዐሥር ዓመት የተጠራቀመው በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር ያልቃል። «ያን ጊዜ መዋጮውን እንጨምራለን» ይባል ይሆናል። ያን ጊዜ ግን አብዛኛው አባል ጡረተኛ ነው፤ ከምኑ ላይ ይጨምራል?

እንግዲህ በባንክ ያለው ገንዘብ ትርፍ አይደለም። ቀኑ ያልደረሰ ዕዳ ነው። ዛሬ ብንካፈለው ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ከአንድ ሁለት ወር አስቤዛ አያልፍም፤ ያን ቀን ግን «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሆንብናል።

ሌላም ነገር አለ። ሰፈሮች ለልማት ሲነሡ ጎረቤት የነበረው አባል ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማው ዳር ይበተናል። ቤት ማግኘቱ ደስታ ነው፤ ሆኖም ድንኳን የሚተከልበት ግቢ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ መኖሩን የሚያይ ጎረቤት በቀላሉ አይገኝም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት ባልቴት ወርደው ቡና ካልጠጡ ማን ያውቅላቸዋል? ጡሩንባው ቀርቶ ስልክ መጥቷል፤ ስልኩ ግን የሞተውን እንጂ የደከመውን አይነግረንም።

መ/ የምናቀርበው ሐሳብ

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት የሥራ አመራር ኮሚቴው ለጉባኤው የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ያቀርባል።

1ኛ/ መዋጮው አይቁም፤ የተጠራቀመውም አይከፋፈል። ይልቁንም የመዋጮው ልክና ለሐዘን የሚከፈለው ገንዘብ በየሁለት ዓመቱ ከኑሮው ዋጋ ጋር እየታየ በጉባኤ ይወሰን።

2ኛ/ ጉባኤው ከሚወስነው መጠን ሳያልፍ፣ ከዓመቱ ገቢ ጥቂቱ በሕይወት ላለው ይዋል። ለምሳሌ አቅም የሌላቸው አባላት በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን እንዲታቀፉ የዓመት ክፍያቸውን መሸፈን ይቻላል። ይህ መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ ነው፤ አንድ ሰው በጤናው ሳለ ከፍሎ በሕመሙ ጊዜ የሚረዳበት በመሆኑ ከእድር አሠራር ብዙ አይርቅም።

3ኛ/ በዕድሜ የገፉትንና አልጋ ላይ የዋሉትን አባላት የሚጠይቅ ተራ ይውጣ። በየብሎኩና በየመንደሩ አንድ እናትና አንድ ወጣት ቢመደቡ ይበቃል። ገንዘብ አይፈልግም፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው የሚፈልገው። የታዘዘላቸውን መድኃኒት እንዳያቋርጡ ማስታወስም የዚሁ ሥራ ክፍል ይሁን። ለወርኃዊ ስብሰባ ስንመጣም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የደም ግፊት እንዲለኩልን ቀበሌውን እንጠይቅ።

4ኛ/ ትዳር የያዙ ልጆቻችን በራሳቸው ስም አባል ይሁኑ። አባላቱ ሁሉ ባንድነት የሚያረጁበት እድር፣ የሚሸከም ትከሻ በሚያስፈልገው ቀን ተሸካሚ አይኖረውም። ወጣቶቹም «ገና ምን አለብን» አይበሉ፤ እኛም ስንገባ እንደዚያው ነበርን፤ ዛሬ ግን ሬሳ ስናነሣ ጉልበታችን ይንቀጠቀጣል።

ክቡራን አባላት፤

«ታዲያ ይኼ ድካም ማለቂያ የለውም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። በእውነቱ ማለቂያ ያለው አይመስለንም። ነገር ግን ችግሩ ያው አንድ ችግር ሆኖ እየተመላለሰ አይደለም። አባቶቻችን የታገሉት ሕፃን እንዳይሞት ነበር፤ ቀጥሎ የነበሩት ጎልማሳው እንዳይሞት ታገሉ፤ ለእኛ የደረሰን ሽማግሌው ብቻውን እንዳይወድቅ ማድረግ ነው። ሽማግሌ የበዛበት ሰፈር መኖሩ ራሱ የፊተኞቹ ድካም ፍሬ ነው። ይህ የእኛ ሥራ የመጣው እነርሱ ሥራቸውን ሠርተው ስላስረከቡን ነውና በምስጋና እንቀበለው እንላለን።

አሁን ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ፣ የሚቃወምም በነፃነት እንዲናገር መድረኩን ለእድራችን ዳኛ እንለቃለን። ከውይይቱ በኋላ አራቱ ነጥቦች አንድ በአንድ በእጅ ማውጣት ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ቡናው እየተፈላ ስለሆነ ድምፅ ሳይሰጥ ማንም እንዳይሄድ አደራ እንላለን።